ከገንዘቡ አጠገብ ስሜቱን መጻፍ፦ የአንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ደብተር

ሥራዬ የሰው ሒሳብ መያዝ ነው፤ በሥራው ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኛል። የሰው መዝገብ ላይ አንድ ቁጥር አልገጥም ካለ እስኪገጥም ከወንበሬ አልነሳም። የራሴን ገንዘብ ግን ለብዙ ዓመት የያዝኩት እንደ ማንም ሰው ነው። ሲከፋኝ እገዛለሁ፣ ስደነግጥ እሸጣለሁ፣ ሰው ፊቴ ቆሞ ሲለምነኝ እምቢ ማለት ያቅተኛል። ሒሳብ ስለማውቅ ገንዘብ አያያዝም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለየቅል ናቸው።

ይህ የገባኝ እ.ኤ.አ. በማርች 2020፣ በአንድ ሌሊት ነው። ለዓመታት ከደመወዜ እየቀነስኩ የብዙ መቶ ኩባንያዎችን አክሲዮን አንድ ላይ በሚይዝ የኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። ወረርሽኙ መጣና ገበያው ቁልቁል ሄደ። የስልኬ ብርሃን ባለቤቴን እንዳይቀሰቅሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ቁጥሩን አያለሁ። አጠፋዋለሁ። ጨለማው ውስጥ ትንሽ እቆይና መልሼ አበራዋለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ሁሉም እንዲሸጥ ትእዛዝ ሰጠሁ። ወዲያው እፎይ ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው፤ በገንዘብ ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ትልቁን ሠርቼ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

የአሜሪካ 500 ትልልቅ ኩባንያዎችን የሚከተለው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ባሉት ቀናት 34 በመቶ ያህል ወረደ። በኦገስት ደግሞ ከቀድሞው ከፍታው አለፈ። አምስት ወር እንኳ አልፈጀበትም። እኔ የተመለስኩት ከዓመት በኋላ፣ ከሸጥኩበት እጅግ በሚበልጥ ዋጋ ነው።

ቢሮ ውስጥ ያለ ምክንያት የሚወጣ ገንዘብ የለም። በሳምንቱ ሽያጩን በቤት ደብተሬ ላይ ስመዘግብ፣ ከልማድ የተነሳ «ምክንያት» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። «የገበያ ሁኔታ» አልኩ። ሰረዝኩት። «ጥንቃቄ» አልኩ። እሱንም ሰረዝኩት። በመጨረሻ «ድንጋጤ» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱ ያ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ ከቀን፣ ከጉዳይና ከመጠን ቀጥሎ አራተኛ ዓምድ አለው። ጠባብ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ እንዲይዝ።

አንድ ቃል፣ ገንዘቡ ሳይንቀሳቀስ

ዘዴው ይኸው ነው። ከፍ ያለ ገንዘብ ከእጃችሁ ከመውጣቱ፣ አክሲዮን ከመግዛታችሁ ወይም ከመሸጣችሁ፣ ለሰው ከማበደራችሁ በፊት በዚያች ሰዓት የሚሰማችሁን በአንድ ቃል ጻፉ። «ከፍ ያለ» ስንት እንደሆነ እናንተ ወስኑ፤ እኔ የወር ደመወዜን 5 በመቶ ነው የያዝኩት። ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ልመዝግብ ካላችሁ በሁለት ሳምንት ትሰለቻላችሁ። ሞክሬ ሰልችቶኝ ነበር።

ቃሉ ከድርጊቱ በፊት ካልተጻፈ አይጠቅምም። ሰው አንዴ ካደረገ በኋላ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። «ጥሩ ስሜት»፣ «መጥፎ ስሜት» ብሎ ማለፍም አይቻልም። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሀብታም ነው፤ ስጋትና ድንጋጤ ለምሳሌ አንድ አይደሉም። ስጋት ለቀናት የሚያብሰለስል ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነተኛ ጉዳይ ይዞ ይመጣል፦ መጠባበቂያችን ማነሱን፣ ሥራችን አስተማማኝ አለመሆኑን። ስጋት የመጣ ጊዜ ቁጭ ብሎ ቁጥሩን መመርመር ነው። ድንጋጤ የመጣ ጊዜ ግን ቁጥሩን ዘግቶ መነሳት ነው። ሁለቱንም «ፈራሁ» ብለን ከጻፍናቸው የአንዱን መድኃኒት ለሌላው እንሰጣለን። ቁጭት፣ እልህ፣ ቅናት፣ ይሉኝታ፣ ብስጭት፣ ድካም፣ ኀዘን፣ እያንዳንዳቸው በገንዘብ ላይ የየራሳቸው ተንኮል አላቸው። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ እኔን ያስከፈሉኝን ላንሳ።

እልህ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ አንድ ኩባንያ ሲያወራ ሰምቼ፣ ምንም ሳላጣራ አክሲዮኑን ገዛሁ። በስምንት ወር ውስጥ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። ያኔ ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «የገዛሁበት ዋጋ ላይ ይድረስልኝ ብቻ፤ በዚያው ቀን ነው የምገላገለው።» ሦስት ዓመት ያዝኩት። በእነዚያው ሦስት ዓመታት ውስጥ ሌላ ጥሩ ይሄድልኝ የነበረ አክሲዮን ገና 15 በመቶ ሲጨምር «ትርፌን ልያዝ» ብዬ ሸጥኩ። ጎበዙን ሠራተኛ አሰናብቶ ሰነፉን ደመወዝ እየከፈሉ እንደማቆየት ማለት ነው።

የእኔ ብቻ በሽታ አለመሆኑን በኋላ ነው ያነበብኩት። ኸርሽ ሼፍሪንና ሚየር ስታትማን የሚባሉ ሁለት ምሁራን ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1985 በጥናት አቅርበውታል። ተራንስ ኦዲን ደግሞ በ1998 ባሳተመው ጥናት አንድ የአክሲዮን አገናኝ ድርጅት ዘንድ የነበሩ የ10,000 ደንበኞችን ሒሳብ አገላበጠ። ሰዎቹ ካተረፉላቸው አክሲዮኖች 14.8 በመቶውን ሲሸጡ፣ ከከሰሩባቸው ግን የሸጡት 9.8 በመቶውን ብቻ ነበር። ይባስ ብሎ፣ የሸጧቸው አትራፊዎች በቀጣዩ አንድ ዓመት፣ ሙጥኝ ካሏቸው ከሳሪዎች በአማካይ በ3.4 የመቶኛ ነጥብ በልጠው ተገኙ።

እልህ ከገበያው ጋር የሚደረግ ክርክር አይደለም፤ ከራስ ጋር ነው። መሸጥ ማለት «ተሳስቻለሁ» ብሎ መፈረም ነው። እስካልሸጥኩት ድረስ ደግሞ «ገና አልከሰርኩም፤ የወረቀት ኪሳራ ነው» እያልኩ መኖር እችላለሁ። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ እንዲህ ማለቴ ያሳፍረኛል። የገዛሁበት ዋጋ እኮ ከእኔ ደብተር በቀር የትም አልተጻፈም፤ ነገ አክሲዮኑ የሚያወጣውን ዋጋ የሚወስን አንድም ሰው አያየውም።

እናም እንዲህ አደርጋለሁ። በየሦስት ወሩ የያዝኳቸው አክሲዮኖች ዝርዝር ያለበትን የደብተሩን ገጽ ስከፍት «የተገዛበት ዋጋ» የሚለውን ዓምድ በወፍራም ወረቀት ቁራጭ እሸፍነዋለሁ። ወረቀቷ ከአሮጌ ፋይል ሽፋን የተቀደደች ናት፤ ጠርዟ ተበልቷል። የሚታየኝ የያዝኩት ነገር ስምና ዛሬ የሚያወጣው ብቻ ይሆናል። ከዚያ አንድ በአንድ እየሄድኩ እጠይቃለሁ፦ ይህ ገንዘብ ዛሬ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ እጄ ላይ ቢኖር ይህንኑ እገዛበት ነበር? «አዎ» ከሆነ ይቆያል። «አይ» ከሆነ ይሸጣል። «አይ፤ ግን እኮ…» የሚል ከመጣ አራተኛው ዓምድ ላይ «እልህ» ብዬ ጽፌ እሸጠዋለሁ። ያንን የሦስት ዓመት አክሲዮን መጀመሪያ በወረቀቷ ስሸፍነው መልሱ ለመምጣት ሦስት ሰከንድ አልፈጀበትም።

ተራ ሒሳብም እልህ ያበርዳል። 20 በመቶ የወረደ ነገር ወደነበረበት ለመመለስ 25 በመቶ መጨመር አለበት። በግማሽ የወረደ እጥፍ መሆን አለበት። 90 በመቶ የወረደ ዐሥር እጥፍ። «ይመለሳል» ከማለታችሁ በፊት ስንት እጥፍ ማደግ እንዳለበት አስሉና ጻፉት፤ ቁጥሩን አይቶ ዝም የማይል ሰው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ «በ2020 መሸጥሽ ስህተት ነበር ብለሽ፣ አሁን ደግሞ ያልሸጥሽው ስህተት ነው ትያለሽ» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ላይ ላዩን ሲያዩት ይጋጫል። አንድ ኩባንያ ወድቆ በዚያው ሊቀር ይችላል። የመቶዎች ኩባንያዎች ስብስብ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ሌሊት የወረቀቷ ጥያቄ ቢኖረኝ ኖሮ «ለ15 ዓመት ለማልነካው ገንዘብ ዛሬ ይህን ፈንድ በዚህ ዋጋ እገዛዋለሁ ወይ?» ብዬ እጠይቅ ነበር፤ መልሱም «አዎ» ነበር። ለሁለቱም ጥያቄው አንድ ነው። የሚለያየው መልሱ ነው።

ድንጋጤ

ዳንኤል ካኔማንና አሞስ ቨርስኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ሥራ ሰው ለኪሳራና ለትርፍ እኩል ስሜት እንደሌለው አሳዩ። በ1992 ደግሞ ልዩነቱን ሲለኩት ማጣት የሚያመው፣ ያንኑ ያህል ማግኘት ከሚያስደስተው ሁለት እጥፍ ከሩብ ገደማ ሆኖ አገኙት። ቨርስኪ በ1996 አረፈ፤ ካኔማን በ2002 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት ተቀበለ።

ይህ ቁጥር ለእኛ ምን ያደርግልናል? አስቡት፤ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ያለፈውን አንድ መቶ ዓመት ገደማ በቀን በቀን ሲያዩት የወጣባቸውና የወረደባቸው ቀናት ወደ ግማሽ በግማሽ የተጠጉ ናቸው። በዓመት በዓመት ሲያዩት ግን ከአራቱ ዓመት በሦስቱ ገደማ ያደገ ነው። ስለዚህ በየቀኑ የሚያይ ሰው በየሁለት ቀኑ ይቆስላል፤ ቁስሉም ከደስታው ሁለት እጥፍ ነው። በዓመት አንዴ የሚያይ ሰው ያንኑ ፈንድ ይዞ በአብዛኛው ደስ ብሎት ይኖራል። ሽሎሞ ቤናርትዚና ሪቻርድ ቴለር በ1995 በጻፉት ጥናት ዋናው ነጥብ ይኸው ነበር፦ ሰውን ከአክሲዮን የሚያሸሸው ኪሳራን መፍራቱና ቶሎ ቶሎ መመልከቱ ሲገናኙ ነው።

እኔ ያደረግኩት ይህ ነው። መጀመሪያ ገንዘቡን ለየሁት። የስድስት ወር የቤት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ባንክ ውስጥ፣ በማንኛውም ሰዓት የሚወጣ ሆኖ ይቀመጣል። በአምስት ዓመት ውስጥ እንደምፈልገው የማውቀው ገንዘብ አክሲዮን አይነካም። ይህ ሳይሟላ ስለ ስሜት ማውራት ከንቱ ነው፤ የቤት ኪራዩ ገበያ ላይ ያለበት ሰው ቢደነግጥ እውነቱን ነው። ቀጥዬ መተግበሪያውን ከስልኬ አጠፋሁ። የይለፍ ቃሉን ረጅምና የተዘበራረቀ አድርጌ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ለመግባት ከአልጋ መነሳት፣ መብራት ማብራት፣ ደብተሩን መፈለግና ኮምፒውተር መክፈት አለብኝ። ድንጋጤ ይህን ሁሉ የሚታገስ ጉልበት የለውም።

ሦስተኛው የቃል ኪዳኑ ገጽ ነው። ገበያው ሰላም በሆነበት ቀን ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ጻፍነው፦

«20 በመቶ ቢወርድ፦ ምንም አንሸጥም። የወሩ መዋጮ ይቀጥላል።
30 በመቶ ቢወርድ፦ ምንም አንሸጥም። ለአንድ ሳምንት የገበያ ዜና አንከፍትም።
40 በመቶ ቢወርድ፦ ምንም አንሸጥም። ይህን ገጽ ጮክ ብለን እናነባለን።
ከመካከላችን አንዱ ሥራ ቢያጣ ብቻ ይህ ገጽ እንደገና ይጻፋል።»

ሁለታችንም ፈረምንበት። እሱ ሲፈርም እየሳቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ገበያው ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 25 በመቶ ያህል ሲወርድ ሳቁ ቆመ፤ ገጹን አውጥተን አነበብን። ሆዴን ባር ባር አላለውም ብል እዋሻለሁ። ግን አልሸጥንም።

ቅናትና ቁጭት

ሌላው ሲያተርፍ ማየት እንቅልፍ ይነሳል። አይዛክ ኒውተንን የሚያህል ሰው፣ ያውም የእንግሊዝን መንግሥት የገንዘብ ማተሚያ ይመራ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1720 በሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን መጀመሪያ አትርፎ ወጥቶ ነበር። ዋጋው ግን መውጣቱን ቀጠለ፤ ሌሎች ሲከብሩ እያየ መቆም አቃተውና በውድ ዋጋ ተመልሶ ገባ፤ ከዚያ ብዙ ገንዘብ አጣ። በዓመቱ መጀመሪያ 130 ፓውንድ ገደማ የነበረው አክሲዮን በዓመቱ አጋማሽ ወደ 1,000 ተጠግቶ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከተነሳበት አካባቢ ተመልሶ ነበር። የስበትን ሕግ ያገኘ ጭንቅላት ካላዳነው የእኛ ያድነናል ብሎ መተማመን አይገባም።

ለቅናት የምጠቀመው መድኃኒት ቀን መቁጠር ነው። ከሰው ወሬ የሰማሁትን ማንኛውንም የኢንቨስትመንት ሐሳብ ደብተሩ ላይ ከቀኑ ጋር እጽፈዋለሁ፤ 30 ቀን ሳይሞላው አልነካውም። ካለፉት ሁለት ዓመት ሐሳቦች ውስጥ ከ30 ቀን በኋላም የፈለግኩት አንድ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ግን እጁን ሰብስቦ መቀመጥ ጨርሶ አይሆንለትም። እንዲህ ላለው ከጠቅላላው 5 በመቶውን ለይቶ «የመጫወቻ ሒሳብ» ማድረጉ አይከፋም፤ ቢያልቅ እንዳይሞላ አስቀድሞ ከራስ ጋር መማማል ነው። እጅ ማብዛት እንደሚያስከፍል ብራድ ባርበርና ኦዲን በ2000 አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 ቤተሰቦችን ሒሳብ ተከታትለው፣ አብዝተው የገዙና የሸጡት በዓመት 11.4 በመቶ ሲያገኙ ገበያው ራሱ ግን 17.9 በመቶ እንደሰጠ አገኙ።

ቁጭት ላይ አጭር ልሁን። ሃሪ ማርኮዊትዝ ገንዘብን በተለያዩ ኢንቨስትመንቶች ማከፋፈልን በሒሳብ የቀመረ፣ በ1990 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። የራሱን የጡረታ ገንዘብ ግን በቀመሩ አልከፋፈለውም፤ ግማሹን አክሲዮን ግማሹን ቦንድ አደረገው። ምክንያቱን ሲናገር በኋላ እንዳይቆጨው ብሎ እንደሆነ ተናግሯል። እኔ ይህን እወደዋለሁ። አንድ ጊዜ በርከት ያለ ገንዘብ እጄ ሲገባ በስድስት ወር ከፋፍዬ ነው ያስገባሁት። ገበያ በአብዛኛው ወደ ላይ ስለሚሄድ በሒሳቡ ብቻ ከሆነ በአንዴ ማስገባቱ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ አውቃለሁ። ግን ባስገባሁ በማግስቱ ቢወርድ ቁጭቱ ሁሉንም ያሸጠኝ ነበር። ራሴን ስለማውቅ ትንሽ ትርፍ ከፍዬ እንቅልፍ ገዛሁ።

ይሉኝታ

ስለ ኢንቨስትመንት የሚጽፉ ሰዎች ስለ ፍርሃትና ስለ ስስት ይጽፋሉ፤ ይሉኝታን ግን ይዘሉታል። እኔን ከገበያ ውድቀት ያላነሰ ያስከፈለኝ ይሉኝታ ነው።

አንድ ትሁት ወጣት የረጅም ጊዜ የቁጠባ ውል ሊሸጥልኝ ቢሮዬ ሦስት ጊዜ መጣ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ መቶት ነበር። ጫማው ምንጣፉ ላይ የተወውን እርጥብ ዱካ እያየሁ «ይህ ልጅ ስንቴ ይመላለስ» ብዬ ፈረምኩ። ውሉን እቤት ሳነበው ዓመታዊ ክፍያው ከያዝኩት ፈንድ በ2 የመቶኛ ነጥብ ይበልጣል። ትንሽ ይመስላል። 100 ሺህ በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ በ30 ዓመት ወደ 761 ሺህ ይደርሳል። በ5 በመቶ ከሆነ 432 ሺህ ነው። የዚያች እርጥብ ጫማ ዋጋ ልዩነቱ ነው። ልጁ አልዋሸኝም፤ ሁሉም ውሉ ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ ነኝ ፊቱን እያየሁ የፈረምኩት።

ይሉኝታ የሚሠራው ፊት ለፊት ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ከፊት ዘወር ማለት ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር በቃሌ ይዣለሁ። ለሻጭ፦ «ወረቀቱን ይተዉልኝ፤ ሳላሳድር ምንም አልፈርምም።» ለሚበደር ዘመድ ወይም ጓደኛ፦ «ከባለቤቴ ጋር ሳልማከር ገንዘብ አላወጣም፤ ነገ ማታ እደውላለሁ።» ሁለቱም እውነት መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ድምፅ ያጋልጣል። ለማበደር ከወሰንኩ ደግሞ የምሰጠው ባይመለስ ከሰውየው ጋር ሰላምታ የማያሳጣኝን ያህል ነው፤ ደብተሩ ላይም «ብድር» ሳይሆን «ስጦታ» ብዬ እጽፈዋለሁ። ሲመለስ ገቢ ይሆናል፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ዋስ መሆን ግን ለእኔ ከማበደርም የከፋ ነው፤ ገንዘቡን ሳታወጡት ስለምትረሱት።

ድካም፣ ኀዘን፣ ልማድ

ደብተሩን በያዝኩ በስድስተኛው ወር አራተኛውን ዓምድ ብቻ ከላይ ወደ ታች አነበብኩት። «ድካም» የሚለው ቃል ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ከዐሥራ አንዱ ዘጠኙ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ በስልክ የተገዙ ናቸው። ምን እንደገዛሁ ሳየው ግማሹን አላስታውሰውም። ይህን ለማስቆም ቆራጥነት አላስፈለገኝም። የካርዴን ቁጥር ከስልኩ ላይ አጠፋሁት፤ ካርዱ ያለው ቦርሳ ሌላ ክፍል ነው። ደክሞኝ ማን ይነሳል? በቀጣዩ ስድስት ወር «ድካም» ሁለት ጊዜ ብቻ ተጻፈ።

ኀዘን ከድካም ይለያል፤ ከባድ ነው፤ ሰውም አይጠረጥረውም። ጄኒፈር ለርነርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሙከራ አሳዛኝ የፊልም ቅንጫቢ የተመለከቱ ሰዎች እጃቸው ያለውን ነገር በርካሽ ለመሸጥ፣ አዲስ ነገር ለማግኘት ደግሞ የበለጠ ለመክፈል ፈቃደኛ ሆነው ተገኙ። እኔ ቅንጫቢ አላስፈለገኝም። እናቴ ባረፈች በሁለተኛው ወር የቤቴን ዕቃ ጠቅላላ ልለውጥ ተነስቼ ነበር። ገሚሱን ለውጫለሁ። አሁን ሕጌ እንዲህ ነው፦ ከሞት፣ ከፍቺ ወይም ከሥራ መልቀቅ በኋላ ለስድስት ወር፣ ቀን የማይሰጥ ጉዳይ ካልሆነ በቀር፣ ትልቅ የገንዘብ ውሳኔ የለም።

ልማድን በተመለከተ ምክሬ ሰነፍ ሁኑ ነው። በየወሩ ለመቆጠብ መወሰን ያለበት ሰው በዓመት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ከስሜቱ ጋር ይታገላል፤ አንድ ጊዜ ለባንኩ ቋሚ ትእዛዝ የሰጠ ሰው ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ትእዛዙ ደመወዝ በሚገባበት በዚያው ቀን ይሁን፤ በሦስተኛው ቀን ከሆነ ገንዘቡን አይታችሁት ለምዳችሁታል። ብሪጂት ማድሪያንና ዴኒስ ሺያ በ2001 ባሳተሙት ጥናት ያዩት አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ አዲስ ሠራተኞች በጡረታ ቁጠባ ለመካፈል ራሳቸው መመዝገብ ሲኖርባቸው የተካፈሉት 49 በመቶ ነበሩ። «አልፈልግም» ካላሉ በቀር በቀጥታ እንዲመዘገቡ ሲደረግ 86 በመቶ ሆኑ። የሰዎቹ ፍላጎት አይደለም የተለወጠው፤ አለማድረግ የሚያስከትለው ነገር ነው።

ቴለርና ቤናርትዚ ደግሞ ሠራተኞች ወደፊት ደመወዝ ሲጨመርላቸው ቁጠባቸው አብሮ እንዲያድግ ዛሬ ቃል የሚገቡበትን ዘዴ ሞከሩ። የገቡት ሰዎች ቁጠባ በ40 ወር ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አደገ። ከዛሬ ኪስ ስላልተወሰደ ማንም የተቀማ አልመሰለውም። እኔ ይህን በራሴ ነው ያደረግኩት፤ ጭማሪ በመጣ ቁጥር ግማሹ፣ ገና ኪሴ ሳይገባ፣ ወደ ፈንዱ ይሄዳል።

ደብተር መያዙ ራሱ ልማድ እስኪሆን ግን ታገሱ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው አንድ አዲስ ድርጊት ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አይተዋል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። እኔ ከዘገዩት ነበርኩ። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰውም አይተዋል፤ ስለዚህ ብትዘሉ የዘለላችሁትን በትዝታ ልሙላ አትበሉ፤ ከዛሬው ጀምሩ።

በየሦስት ወሩ ወረቀቷን ይዤ ስቀመጥ የማየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከተሸፈነው ዓምድ ውጭ የቀረው ዝርዝርና አራተኛው ዓምድ። የትኛው ቃል በዛ? በየትኛው ሰዓት፣ ከማን ጋር ሆኜ ነው የጻፍኩት? ለአንድ ሩብ ዓመት አንድ ቃል እመርጥና አንድ እንቅፋት ብቻ አኖርለታለሁ። ሦስት አራት ላስተካክል ያልኩበት ጊዜ ሁሉም ፈርሶብኛል።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ መጠባበቂያችን ስለበዛ ትንሹን ቀንሰን ፈንዱ ውስጥ እንጨምረው አለኝ። ቁጥሩን አየሁት፤ ልክ ነው፤ በዝቷል። ደብተሩን ከፈትኩ፤ ቀኑን ጻፍኩ፣ ጉዳዩን ጻፍኩ፣ መጠኑን ጻፍኩ። አራተኛው ዓምድ ላይ ስደርስ ስጋትም አይደለም፣ ጉጉትም አይደለም፤ ምን እንደሆነ አጣሁት። «አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ። ዓምዱ ጠባብ ስለሆነ ምሙ መስመሩ ላይ ወጥቶ ቀረ። «አላውቅም» የተጻፈበት ገንዘብ አይንቀሳቀስም፤ ይህም የፈረምንበት ገጽ ላይ በኋላ የተጨመረ ነው። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ «ቃሉን አገኘሽው?» ሲል ጠየቀኝ። ገና ነው።